የሚድል ወንበሮች

ከሽሩስበሪ ወጥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀናው መንገድ ከተማውን ከለቀቀ ብዙም ሳይቆይ በግጦሽ መስክና በቁጥቋጦ አጥር መካከል ይገባል። አገሩ ሽሮፕሻየር ይባላል፤ እንግሊዝ ከዌልስ የምትዋሰንበት ምዕራባዊ ጥግ ነው። ከጎጃም ወይም ከሰሜን ሸዋ ለመጣ ሰው እዚህ ኮረብታ የሚሉት ጉብታ ቢሆን ነው። ገደል የለም፤ ሜዳው ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ እያለ እስከ አድማስ ይዘልቃል። ድንጋዩ ቀይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም፣ የድሮው ግንብ ፍራሽም፣ የጎተራውም ግድግዳ ከዚሁ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ስለተሠራ ዝናብ ሲመታው ይጠቁራል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይፈካል። ሐርመር ሂል አጠገብ የነበረው ሐይቅ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ውሃው ተጠንፍፎ የሣር መሬት ሆኗል። አካባቢው ከእህል ይልቅ በወተት የኖረ ነው፤ እዚህ ምሳ የሚቀመጥ መንገደኛም ከዳቦና ከኮመጠጠ ሽንኩርት ጋር የቺሻየር አይብ ይቀርብለታል፤ ሲቆርጡት የሚፈረፈር፣ ጨው የጠገበ፣ ጠንከር ያለ አይብ። የእኛ አይብ ትኩስነቱ ሳይለቅ ከጎመን ወይም ከክትፎ ጋር የሚበላ ነው። ይህኛው ወራት ተቀምጦ፣ በጋሪ ተጭኖ፣ ሩቅ ገበያ ደርሶ የመሬት ኪራይ የሚከፍል ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ እንጂ የአንድ አገር ገበሬ ለማን ዕዳ እንዳለበት ከምግቡ ማወቅ ይቻላል፤ በዚህ አገር ታሪክ ደግሞ ዕዳና መብት ከምንም በላይ ብዙ ያስታውሳሉ።

የዚህ መንገድ መድረሻ ሚድል የምትባል መንደር ናት። ሳይቆሙ ሊያልፏት ይችላሉ። ሆኖም የእንግሊዝን ገጠር የሚያጠኑ የታሪክ ሰዎች ይህችን አጥቢያ ከብዙ ከተሞች ይልቅ በቅርብ ያውቋታል። ምክንያቱ አንድ ገበሬ ነው። ሪቻርድ ጎፍ እ.ኤ.አ. በ1635 በአጥቢያዋ ውስጥ ባለችው ኒውተን ተወለደ፤ በዚያው ኖሮ በ1723 አረፈ። በወጣትነቱ ሮበርት ኮርቤት ለተባለ የአካባቢው ባላባትና ዳኛ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል፤ ከዚያ በኋላ የራሱን መሬት ያረሰ ባለ ርስት ነበር። ዕድሜው ከ60 ሲያልፍ፣ በ1700ና በ1701፣ ብዕሩን አንሥቶ የአጥቢያውን ታሪክ ጻፈ። የመጀመሪያው ክፍል በጊዜው የተለመደው ዓይነት ነው፦ የቦታዎች ስም፣ ግንቡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቀሳውስቱ። ሁለተኛው ግን ከእርሱ በፊት ማንም ያልሞከረው ነው። የቤተ ክርስቲያኑን መቀመጫዎች በንድፍ ሣለና አንድ በአንድ ወሰዳቸው። ይህ ወንበር የየትኛው ቤት ነው? በዚያ ቤት ማን ኖረ? ከየት መጣ፣ ማንን አገባ፣ ስንት ወለደ፣ ማን ጨዋ ወጣ፣ ማን ሰካራም ሆነ፣ መሬቱ በማን እጅ ገባ? ከፊተኛው ወንበር ተነሥቶ እስከ ኋለኛው አግዳሚ ድረስ በዚህ መንገድ ሄደ፤ ሲጨርስ አንድ ሙሉ ማኅበረሰብ በስምና በጠባይ ተጽፎ ተገኘ።

በዚህ መጽሐፍ ላይ ተመርኩዤ የምከራከረው ነገር አንድ ነው። የተራ ሰው ታሪክ ከጊዜ ጥፋት የሚተርፈው ዘሩ ስለሚወደው አይደለም፤ በእርሱ ላይ ወይም በእርሱ በኩል የሚነሣ «ይገባኛል» የሚል ጥያቄ ስላለ ነው። የማን ወንበር ነው? መሬቱን ማን ይወርሳል? ይህን ችግረኛ ማን ያብላ? እነዚህ ጥያቄዎች በሚያስጨንቁበት ቦታ ሰው ይቆጠራል፣ ይጻፋል፣ ይታወሳል፤ በማያስጨንቁበት ይረሳል። በሚድል ወንበር የሰው ሳይሆን የቤት ነበር። መሬቱን የገዛ ወይም የተከራየ ወንበሩንም አብሮ ይወስዳል። ባላባቶቹ ከፊት፣ ገበሬዎቹ ከመካከል፣ መሬት የሌላቸው ጎጆ ነዋሪዎች ከኋላና ከጥግ ይቀመጣሉ፤ በየእሑዱ የአጥቢያው ሀብት ሁሉ ተደርድሮ ይታያል። እንግዲህ ወንበር ሲያጣላ (ያጣላ ነበር) የቤቱን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ምስክር ይሆናል። ጎፍ ደግሞ ዳኛ ዘንድ ጸሐፊ ሆኖ ምስክርነት እንዴት እንደሚመዘን ያየ ሰው ነው። ስለዚህ «ሰዎች እንደሚሉት»ንና «እኔ ራሴ እንዳየሁት»ን፣ ከሰነድ ያገኘውንና ከአባቱ የሰማውን ይለያል። የመጽሐፉ አጥንት የፍርድ ቤት አጥንት ነው።

ከእኛ አገር ለሄደ አንባቢ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በቤተ ክርስቲያናችን ሰው በመቋሚያ ተደግፎ ይቆማል እንጂ ተከራክሮ የያዘው ወንበር የለውም፤ ስለዚህ የክርክሩ ቦታ ሌላ ነበር። በጎጃምና በጎንደር የርስት ሥርዓት መሬት የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት በሚወርድ ዘር ነው፤ በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። ርስት የሚጠይቅ ሰው በሽማግሌና በዳኛ ፊት ትውልዱን አንድ በአንድ ቆጥሮ ከአቅኚው ጋር መግጠም ነበረበት፤ ተከራካሪውም አንዱን ሐረግ ከበጠሰበት ይረታዋል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ የማይዘነጋ የዘር ሐረግ በቃሉ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረትም የክርክር ቋንቋ ነው። ብዙ ጊዜ ስለራሳችን ስናወራ እኛ የአያት ቅድመ አያት ፍቅር ያለን፣ ፈረንጁ ግን ዘሩን የረሳ አድርገን እንናገራለን። ሚድል ይህን ግምት ያፈርሰዋል። የእንግሊዙ ገበሬ ሐረጉን ያስታወሰውም፣ የጎጃሙ ገበሬ ያስታወሰውም በአንድ ምክንያት ነው። የረሱትም በአንድ ምክንያት ይረሳሉ።

ከመንደሩ ዳር የአንድ ግንብ ቁራጭ ቆሟል፤ የደረጃ ማማ የነበረ ቀይ ስባሪ። ሌስትሬንጅ የተባሉት ጌቶች በ1308 ከንጉሡ ፈቃድ አግኝተው የሠሩት ነው። በመጨረሻ የኖረበት ሐምፍሪ ካይናስተን በ1491 ከሕግ ውጭ ተደርጎ ሽፍታ ሆነ፤ ወደ ምዕራብ ወደ ነስክሊፍ ተሻግሮ በዋሻ መኖሩ ይነገራል፤ ዋሻው እስከ ዛሬ ይጎበኛል። ከሽፍታው ብዙ ተረት ተርፏል፣ ከግንቡ ግን ትንሽ ነገር። ተጓዥ ሁሉ ካሜራውን ወደ ግንቡ ያዞራል፤ የአጥቢያው እውነተኛ ቅርስ ግን ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቆ ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ማማው በ1634 የተሠራ ነው። የቀረው አካል ከጎፍ ዘመን በኋላ እንደገና ስለተገነባ እርሱ የሣላቸው ወንበሮች ዛሬ የሉም። ይህም ቢሆን መጽሐፉን አይጎዳውም፤ እንጨቱ በስብሶ ክርክሩ ብቻ በወረቀት መቅረቱ የሐሳቤ ማስረጃ ነው።

በእንግሊዝ የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ አንድ ከባድ የእንጨት ሣጥን ነበረው፤ ብዙ ቁልፍ ያለው፣ አንዱ ቁልፍ በቄሱ እጅ፣ ሌሎቹ በአጥቢያው ተጠሪዎች እጅ የሚቀመጥ፣ ማንም ብቻውን እንዳይከፍተው። የቤተሰብ ታሪክ ፈላጊዎች ሁሉ የሚጀምሩበት መዝገብ በዚያ ይቀመጥ ነበር። በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል በየአጥቢያው የሚፈጸመው ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር በየሳምንቱ እንዲጻፍ አዘዘ። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ የጠረጠረው ግብር ሊጣልብን ነው ብሎ ነበር። ጥርጣሬው ጊዜውን ስቶ ይሆናል እንጂ ከንቱ አልነበረም፤ በ1783 ፓርላማው በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ 3 ፔንስ ቀረጥ ጣለና ድሆችን ከዚያ ነጻ አደረገ። ከዚያ በኋላ መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው በአጥቢያው የድሃ ቁጥር ባንዴ የጨመረ ይመስለዋል። ቀረጡ በ1794 ሲነሣ ድህነቱም ከመዝገቡ ይቀንሳል። ከዚያ ቀደም በ1678 የወጣው ሕግ ደግሞ የአገሩን የሱፍ ንግድ ለማገዝ ሲባል አስከሬን ሁሉ በሱፍ ተገንዞ እንዲቀበርና ዘመድ በ8 ቀን ውስጥ ምሎ እንዲያረጋግጥ አዘዘ፤ ካልሆነ ቅጣቱ 5 ፓውንድ ነበር። የሞተው አያት በመዝገብ የተጻፈበት ቃል እንኳ የበግ አርቢዎችን ጥቅም ተሸክሞ ነው የደረሰን።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መቃወሚያ ይነሣል። መዝገቡ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ክርስትና የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ሁሉን ወደ ገንዘብና ወደ ክርክር ማውረድ የሃይማኖትን ሰው ልብ አለማወቅ ነው ሊባል ይችላል። ስለ ልቡ እውነት ነው። ሕፃኑን ወደ መጠመቂያው የወሰደችው እናት ስለ ቀረጥ አላሰበችም። ነገር ግን ጥምቀቱ ከሺህ ዓመት በላይ ሳይጻፍ ሲፈጸም ኖሯል። ነፍስ መዝገብ አትጠይቅም። የጠየቀው ዕድሜን፣ ውርስንና ሕጋዊ ልጅነትን ማረጋገጥ የፈለገ መንግሥት ነው። በእኛም አገር ከጥንት ጀምሮ በወንጌል ብራና ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታ ሲጻፍ የኖረው ወንጌሉ ስለ መሬት ስለሚናገር አይደለም፤ ቃሉን ማንም እንዳይደፍረው የሚያደርግ ሌላ መጽሐፍ ስላልነበረ ነው። ሃይማኖቱ ለመዝገቡ ክብርና ጠባቂ ሰጠው፤ የሚጻፍበትን ምክንያት ግን ክርክሩ አመጣው።

ከሣጥኑ የወጣው ሌላው ወረቀት ለእኔ ከመዝገቡ ይበልጣል። በ1601 የወጣው የድሆች ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ችግረኞች ከራሱ መዋጮ እንዲረዳ አዘዘ። በዚያ ዘመን ይህን በመላ አገሩ በሕግ ያደረገ መንግሥት ብዙ አልነበረም፤ እንግሊዞቹም ሊኮሩበት ይገባል። ነገር ግን «የራሱ ችግረኛ» ማን ነው? የ1662 ሕግ መልስ ሰጠ፦ አዲስ መጥቶ ሸክም ሊሆን ይችላል ተብሎ የተፈራ ሰው በ40 ቀን ውስጥ አቤቱታ ከቀረበበት ሁለት ዳኞች ወደ መጣበት አጥቢያ ሊመልሱት ይችላሉ። በኋላ አንድ ሙሉ ዓመት ተቀጥሮ ያገለገለ፣ ሙያ የተማረ፣ ወይም በዓመት 10 ፓውንድ የሚያወጣ ቤት የተከራየ ሰው በዚያ አጥቢያ መብት ያገኝ ጀመር። ጌቶች ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሠራተኛቸውን የሚያሰናብቱት ለዚህ ነበር። ሳታገባ ያረገዘች ሴት መውለጃዋ ሳይደርስ ወሰን እንድትሻገር ይደረግ ነበር፤ ልጁ የተወለደበት አጥቢያ ቀለቡን ስለሚሰፍር። የሰው ልጅ ጭካኔ በሒሳብ ደብተር ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው የእነዚህን አጥቢያዎች ደብተር ያንብብ።

ጭካኔው ግን ያላሰበውን ነገር አተረፈ። ዳኞቹ ድሃውን ከማባረራቸው በፊት ይመረምሩታል፦ የት ተወለድህ? አባትህ የማን ጭሰኛ ነበር? በመጀመሪያ የተቀጠርኸው ማን ዘንድ ነው፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በስንት ደመወዝ? የት አገባህ? የልጆችህ ስምና ዕድሜ? ጸሐፊው መልሱን ይጽፋል፣ ድሃው በስሙ ወይም በመስቀል ምልክት ይፈርማል። ከዚያ የሚወጣው የአንድ ቀን ሠራተኛ ሙሉ የሕይወት ታሪክ ነው። በአጥቢያው የራሱ መሬት የነበረው ደኅና ገበሬ በክርስትናው፣ በጋብቻውና በቀብሩ ብቻ ተጽፎ ሲያልፍ፣ ችግረኛው ጎረቤቱ በየትኛው ጌታ ቤት ስንት ክረምት እንዳሳለፈ ሳይቀር ይታወቃል። ባለጸጋውን ይህን ሁሉ የሚጠይቀው አልነበረም።

ጎፍ ራሱ የዚህ ሥርዓት ከፋይ ነበር። አባቱ በአንድ ወቅት ለድሆች በዓመት 4 ፔንስ ከፍሎ ይገላገል እንደነበር፣ እርሱ ግን 20 ሽልንግ ሊሞላ ጥቂት የቀረው እየከፈለ መሆኑን ይጽፋል። ሚድል ከጎረቤት አጥቢያዎች ጋር «ይህ ድሃ የእናንተ ነው፣ የለም የእናንተ ነው» እያለች ፍርድ ቤት የቆመችባቸውን ጉዳዮች ለብቻ ክፍል ሰጥቶ ዘርዝሯቸዋል፤ የረታችውንም የተረታችውንም። ምሬቱ ይሰማል። ነገር ግን ክፍሉን ሲያነቡ ከምሬቱ በታች ሌላ ነገር አለ፤ አንካሳው፣ የታመመችው፣ አባቱ ያልታወቀው ልጅ፣ ሁሉም በስማቸው ቆመዋል። መዋጮ የሚከፍል ሰው የሚከፍልለትን ያውቃል።

ይህ ከምንም በላይ የሚታየው ጎፍ ንጉሡና ፓርላማው ስለተዋጉበት የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት በጻፈው ቦታ ነው። በ1642 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ሽሩስበሪ ሲገባ ጎፍ የትምህርት ቤት ልጅ ነበር። ሰር ፖል ሐሪስ የተባለው ሹም የአካባቢውን ሰው በሚድል ኮረብታ ሰብስቦ ለንጉሡ ለሚዘምት በሳምንት 14 ግሮት (የዚያን ዘመን ትንሽ የብር ሳንቲም) ደመወዝ እንደሚከፈል አስነገረ። ከሚድል፣ ከማርተንና ከኒውተን ብቻ 20 ሰው ዘመተ፤ 13ቱ ሞቱ። ጎፍ ከ60 ዓመት በኋላ አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል፤ ከሦስት ትናንሽ ቀዬዎች ይህን ያህል ከጠፋ በመላ እንግሊዝ ስንት ሺህ እንዳለቀ አንባቢው እንዲገምትም ይነግረዋል። ቀድሞ የሚጠራው ሪቻርድ ቻሎነር የሚባል ልጅ ነው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ አጥቢያው በከፊል ያሳደገው፣ ጎልማሳ መስሎ ሲታይ ሽሩስበሪ ሄዶ ጦር የገባ፣ ጥቅምት ላይ በኤጅሂል ከተዋጋ በኋላ ወሬው ያልተሰማ። ስለ ኤጅሂል ጦርነት የተጻፉት መጻሕፍት የጄኔራሎቹን አሰላለፍ ይነግሩናል። ይህን ልጅ ያስታወሰው የልብሱንና የቀለቡን ሒሳብ የሚያውቅ አጥቢያ ነው።

ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ከቤት ቤት እየዞረ የሚሰፋ፣ በአጥቢያው ውስጥ ቋሚ ቤት ያልነበረው፤ ጎፍ ሥራ ፈት ይለዋል፤ ስሙንም አልጻፈለትም። ይህ ሰው ለክርክሬ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል ያጸናዋል፦ ቤት የለውም፣ ስለዚህ ወንበር የለውም፣ ስለዚህ ስም የለውም። በእንግሊዝ አጥቢያዎች የቀብር መዝገብም «አንድ ድሃ መንገደኛ» ተብለው የተጻፉ ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ግን ያስቸግረኛል። ምንም የማይጠየቅበት፣ ምንም የማይጠይቅ ሰው ለምን ተቆጠረ? ጎፍ ከሟቾቹ ዝርዝር ቢተወው ማንም አያውቅበትም ነበር።

ይህ ወደ ዋናው መቃወሚያ ያመጣናል፤ እርሱም ጎፍ ራሱ ነው። መጽሐፉን ማንም አላዘዘውም። ገንዘብ አላገኘበትም፤ በሕይወቱ አልታተመም። ሚስቱና ከልጆቹ ብዙዎቹ ቀድመውት ሞተዋል። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ የጎረቤቶቹን አያቶች የሚጽፈው የወንበር ክርክር ለመርታት ነው ማለት ያስቸግራል፤ ደግሞም ማንኛውም የይገባኛል ሰነድ የማይፈልጋቸውን ነገሮች ይጽፋል። የሰው አጥር እየነቀለ ምድጃውን ስለሚያነድድ አንድ ጎጆ ነዋሪ ይተርካል፦ ከተዘረፉት ቤቶች የአንዱ ሎሌ አንዱን እንጨት ሰርስሮ ባሩድ ሞላበትና ደፍኖ በአጥሩ ውስጥ አስቀመጠው፤ ሌባው እንደ ልማዱ ወስዶ ሲያነድደው የምድጃው ጣሪያ ተነሥቶ ሄደ። ይህ የየትኛውም ወንበር ባለቤትነት አያረጋግጥም። መቃወሚያውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የሚያፈርሰው ነገር የለም። ክርክሩ ለትዝታው መደርደሪያ ሠራለት፤ ፍቅሩ በዚያ መደርደሪያ ላይ ያገኘውን ሁሉ አስቀመጠ። መደርደሪያው ባይኖር ኖሮ ጎፍ የባሩዱን ታሪክ በመጠጥ ቤት አጫውቶ ይሞት ነበር፤ እንደ እርሱ ደግ ትዝታ ያላቸው፣ ወንበር ግን ያልቆጠሩ ሽማግሌዎች በየአጥቢያው እንደሞቱት ሁሉ። ልብስ ሰፊውም ያለ ስም የተቆጠረው ለዚህ ይመስለኛል። ልቡ ሊተወው አልፈቀደም፤ መደርደሪያው ግን የስሙን ቦታ አላበጀለትም።

ሌላው መቃወሚያ ስለ ድሃው ድምፅ ነው። በምርመራ የተገኘ ቃል የታጠፈ ቃል ነው፤ የተመርማሪው መልስ የመርማሪውን ፍላጎት ይከተላል። ይህ በተለይ በሴቶች ላይ ይከፋል። በአሮጌው መዝገብ ብዙ ልጅ የተጻፈው በአባቱ ስም ብቻ ነው፤ እናቲቱ አትጠቀስም፤ ስትሞት «የእገሌ ሚስት» ተብላ ትቀበራለች። ሴት በስሟና በቃሏ የምትታየው ያለ ባል ስትወልድ ነው፤ የዚያን ጊዜም ምጥ ላይ እያለች አዋላጇ የልጁን አባት እንድትናገር ትጠይቃታለች፤ አጥቢያው ቀለቡን ከእርሱ ለመቀበል። በጎፍም ገጾች በነፃነት የሚንቀሳቀሱት ሴቶች ብዙዎቹ ተወቅሰው የተጻፉ ናቸው፤ መልካም የኖረችው በአንድ መስመር ታልፋለች። ይህን ጉድለት በምንም ማካካስ አይቻልም። ሆኖም ሰነዱን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ለማን እንደተጻፈ፣ ምን ለማስከፈል እንደተጻፈ የሚታወቅ ሰነድ ማጣፊያውም ይታወቃል፤ አስቸጋሪው ለማንም ያልተጻፈ መስሎ የሚቀርበው ነው።

የዛሬ ጎብኚዎች ወደ እነዚህ አጥቢያዎች የሚመጡት በሌላ ስሜት ነው። ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያ የዘር ሐረጋቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ በመቃብሩ ድንጋይ መካከል ጎንበስ ብለው የድንጋይ ሽበት የጋረደውን ጽሑፍ በጣት ይዳስሳሉ። ፍለጋቸው ሥር ነው፦ ቤተሰቡ ከጥንት ጀምሮ የኖረበት አንድ መንደር። የእንግሊዝ መንደር ግን እንደዚያ አልነበረም። በኖቲንግሃምሻየር የክሌይወርዝ ቄስ በ1676ና በ1688 የአጥቢያውን ነዋሪ ሁሉ በየቤቱ ጽፎ ትቶ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ፒተር ላስሌት ሁለቱን ዝርዝሮች ሲያስተያይ በ12 ዓመት ውስጥ ከ400 ገደማ ነዋሪ ወደ 60 በመቶው ተለውጦ አገኘ፤ ከፊሉ ሞቷል፣ ከፊሉ ሄዷል። ወጣቱ በየዓመቱ ጌታ ይቀይራል፣ ሙያ ፍለጋ ይሄዳል፣ ሌላ አጥቢያ ያገባል። ለትውልዶች የሚቆዩት መሬት ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው፤ በሚድልም እንዲሁ ነበር። ቀሪው ሰው የሚያልፍ ውሃ ነው። ስለዚህ አያቱን በአንድ መዝገብ ያጣ ሰው መዝገቡ ተበላሽቷል ብሎ ባያዝን መልካም ነው፤ አያቱ መሬት አልነበረውም ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ከመዝገቡ ይልቅ የድሆች ተጠሪዎቹን ደብተርና የዳኞቹን ምርመራ ያገላብጥ። እነዚህ ወረቀቶች ከየቤተ ክርስቲያኑ ሣጥን ወጥተው በየአውራጃው ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል፤ የዚህ አካባቢዎቹ ሽሩስበሪ ይገኛሉ። ብዙ ሰው ጌታ ለማግኘት ሄዶ ጫማ ከአጥቢያ የተሰፈረለት ድሃ አግኝቶ ይመለሳል። ድሃውን ማግኘት ይበልጣል እላለሁ፤ ስለ እርሱ የሚታወቀው ነገር የበለጠ ነውና።

የጎፍ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል የታተመው በ1834 ነው። በዚያው ዓመት የወጣው አዲሱ የድሆች ሕግ ችግረኞችን የማስተዳደሩን ሥራ ከየአጥቢያው እየወሰደ ለአጥቢያዎች ኅብረት ሰጠ፤ ከ3 ዓመት በኋላ ደግሞ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘግብ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ተከፈተ። አጥቢያው ስለ ሰዎቹ መክፈልና መከራከር ሲያቆም ስለ እነርሱ ማወቅም እያቆመ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለው የመንደር ታሪክ የተስተካከለ ነው፤ ቅጹ አንድ ዓይነት፣ ዓምዱ አንድ ዓይነት፣ ጽሑፉ ንጹሕ። ከዚህ ዓምድ ጎፍ አይወጣም።

በእኛም ዘንድ እንዲህ ያለ መቆራረጥ አለ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ጭሰኛውን ከብዙ በደል አሳርፏል፤ ያንን በደል የሚመኝ ሰው ሊኖር አይገባም። ከርስቱ ጋር ግን ትውልድ የመቁጠሩ አስፈላጊነት አብሮ ሄደ። ዛሬ ሐረግ መቁጠር ለጋብቻ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ከመመርመር የዘለለ ሥራ ስለሌለው የአቅኚውን አባት ልጆች ቅርንጫፍ በሙሉ የሚያውቁ ሽማግሌዎች እያለቁ ነው። በየፍርድ ቤቱ የቀሩት የርስት ክርክር መዝገቦች፣ ከሳሽና ተከሳሽ አያቶቻቸውን በየተራ የቆጠሩባቸው፣ እንደ አሮጌ ወረቀት ሳይሆን እንደ ሚድል መጽሐፍ መታየት አለባቸው። ከእነርሱ ጋር የእድር ደብተሮችም አሉ። መዋጮ የከፈለው፣ ውዝፍ ያለበት፣ ለቅሶ ቀርቶ የተቀጣው፣ ቤተሰብ ሲሞትበት ስንት ብር እንደተሰጠው፣ ድንኳኑ ከማን ቤት ወደ ማን ቤት እንደተወሰደ በእጅ ጽሑፍ ሰፍሮባቸዋል፤ ደብተሩ ሲሞላም ጸሐፊው ቤት ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣል። ጎፍ እንዲህ ያለ ደብተር ቢያገኝ ከየትኛው ገጽ እንደሚጀምር ያውቅ ነበር።